የዘጋነውን አፕዴት እንክፈተው፦ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ላሉ መሥሪያ ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ኅዳር 2018 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ለ፦ በባሕር ዳር ከተማና በጣና ዙሪያ ለምትገኙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና የጤና ተቋማት ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ ለአይሲቲ ክፍሎች፣ ለግዥና ንብረት አስተዳደር ክፍሎች፣ ለጥገና ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ የቆዩ ኮምፒውተሮች የደኅንነት አፕዴት ሳይቋረጥ እንዲጫንላቸው ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ርእሰ መምህራንና የጤና ተቋም አስተዳዳሪዎች፣

በዚህች ከተማ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ከፔዳ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተማሪዎች ላፕቶፕ እስከ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ዴስክቶፕ ድረስ ብዙ ማሽን በእጄ አልፏል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ካለፈው ጥቅምት 4 ቀን ወዲህ ሱቄ ድረስ እየመጡ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ነው፦ «ዊንዶውስ 10 ተዘጋ አሉ፤ ኮምፒውተሮቻችንን ልናስወግድ ነው እንዴ?»

አታስወግዱ። ነገር ግን እስካሁን እንደያዛችኋቸው አድርጋችሁም አትያዟቸው።

ጥቅምት 4 ቀን 2018፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ማይክሮሶፍት በ2007 ክረምት ላወጣው ዊንዶውስ 10 ለሁሉም በነጻ ይሰጠው የነበረውን ጥገና አቁሟል። በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩ እንደወትሮው ተነሥቷል፤ ዎርድ ተከፍቷል፤ ፕሪንተሩም አትሟል። ብዙ ሰው «ምንም አልሆነም እኮ» ያለኝ ለዚህ ነው። ችግሩ ያለው እዚያው ላይ ነው፤ በዓይን የሚታይ ነገር የለም። ዊንዶውስ በሚሊዮኖች የሚቆጠር መስመር ያለው ጽሑፍ ነው፤ በየወሩ በውስጡ አዳዲስ ቀዳዳ ይገኛል። ቀዳዳው ሲገኝ መድፈኛው ይዘጋጅና አፕዴት ተብሎ ይላካል። ሌቦችም ያንኑ አፕዴት ያወርዱታል። የድሮውን ፋይል ከአዲሱ ጎን አድርገው ያመሳክሩና የተለወጠውን ቦታ ሲያገኙ ቀዳዳው የት እንደነበር ያውቃሉ። መድፈኛው በወጣ ማግስት፣ ያልደፈነ ሰው ከቀድሞው ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠ ይሆናል። ዊንዶውስ 11 ከ10 ጋር ብዙ አካል ስለሚጋራ፣ ከእንግዲህ ለ11 ከሚወጣው መድፈኛ ብዙው ያልተደፈነውን 10 ቀዳዳ እየጠቆመ የሚወጣ ነው።

ሰዉ ጥፋቱን በኮምፒውተሩ እርጅና ላይ ሲያሳብብ እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰበትን ቀን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱ ይሆናል። በ150 አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮች ፋይላቸው ተቆልፎ ገንዘብ ተጠየቀባቸው፤ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰርዘው ሕመምተኛ መለሱ። ያን ጊዜ ወሬው ሁሉ «ያረጀ ዊንዶውስ ኤክስፒ ስላለ ነው» የሚል ነበር። ሲጣራ ግን ከተጠቁት እጅግ የሚበዙት ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው ሆነው ተገኙ፤ ዊንዶውስ 7 ደግሞ በዚያ ሰዓት የደኅንነት ጥገና የሚያገኝ ነበር። ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት የወጣው መጋቢት 5 ቀን 2009 ነው። በመሐል 59 ቀን አለ። ሁለት ወር ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው፤ መድፈኛው ተሰጥቶ ብዙዎች ሳይጭኑት የከረሙበት ጊዜ። ለኤክስፒ እንኳ፣ ጥገናው መጋቢት 30 ቀን 2006 ካበቃ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ማይክሮሶፍት ለዚያ ቫይረስ ሲል ልዩ አፕዴት አውጥቶለታል። ያንን የጫነ ያረጀ ማሽን፣ ካልጫነው አዲስ ማሽን ይልቅ ከዚያ ቀዳዳ የተጠበቀ ነበር።

አሁን ወደራሳችን ልመለስ።

ባለፈው ዓመት ከሐይቁ ማዶ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍሉን እንዳይለት ጠርቶኝ በጀልባ ሄድኩ። አፕዴት የጫንኩበትን ሃርድ ዲስክ ውኃ እንዳይረጨው በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤው ነበር። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ በመምህሩ ትጋት እያንዳንዱ ኮምፒውተር በጨርቅ ተሸፍኗል። የመጀመሪያውን ከፍቼ የዊንዶውስ ምልክት ካለበት ቁልፍ ጋር አር የምትለዋን ፊደል ተጫንኩ፤ ዊንቨር (winver) ብዬ ጻፍኩና አስገባሁ። የመጣችው ትንሽ መስኮት «ቨርዥን 1803፣ 17134.1» ትላለች። መምህሩ ትርጉሙን ጠየቀኝ። ከነጥቡ በኋላ ያለችው ቁጥር አፕዴት በተጫነ ቁጥር እያደገች የምትሄድ ናት፤ እዚያ ላይ ያየነው ግን 1 ነው። ያ ዊንዶውስ በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ከወጣበት ሁኔታ አንዲት እርምጃ አልተራመደም። ሁለተኛውን ከፈትን፣ ያው። ሦስተኛውም። ክፍሉ ውስጥ ካሉት አንዱም ተለይቶ አልተገኘም። ልጆቹ ደግሞ በየቀኑ ፍላሽ ይዘው ይመጣሉ፤ በየፍላሹ ላይ ሾርትከት ቫይረስ ነበር። መምህሩ በየሴሚስተሩ ማሽኖቹን ሁሉ «ፎርማት» እንደሚያስደርግ ነገረኝ። ሐይቁ ዳር የኖረ ሰው ይህን አያጣውም፦ እምቦጩ ታጭዶ ከላይ ሲነሣ ውኃው የጸዳ ይመስላል፤ ዘሩ ግን ጭቃው ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል። ቀዳዳው ሳይደፈን ዊንዶውስ እንደገና መጫንም እንደዚያ ነው።

መምህሩን አልወቅሰውም። ዊንዶውሱን የጫነለት ባለሙያ አፕዴቱን ሆን ብሎ ዘግቶት ነበር። እዚህ ላይ በግልጽ መናገር አለብኝ፤ አፕዴት የዘጋነው እኛ ነን፣ የጥገና ባለሙያዎቹ። ሰው «ዊንዶ ቀይሩልኝ» ብሎ ሲመጣ፣ ጭነን እንደጨረስን መጀመሪያ የምናደርገው ነገር የአፕዴቱን ሰርቪስ ማጥፋት ነበር። ለደንበኛው ውለታ የዋልንለት እየመሰለን ነው ያደረግነው። ምክንያቶቹም ከንቱ አልነበሩም። አንድ ወር የቆየ አፕዴት ብዙ መቶ ሜጋባይት ይሆናል፤ ሰው በስልኩ ዳታ ሆትስፖት ከፍቶ ሲሠራ ፓኬጁን በአንድ ጠዋት ይጨርስበታል። መብራት አለ ደግሞ። አፕዴቱ 30 በመቶ ላይ እያለ መብራት ሄዶ፣ ሲመለስ ኮምፒውተሩ አልነሣ ብሎ ስንቱ በእጄ መጥቷል። ማሽኑ ይዘገያል የሚል አለ፤ ራሙ 2 ጊጋባይት ለሆነ ማሽን እውነት ነው። ከሁሉም በላይ ግን ክራክ ነው፤ ያልተገዛን ፕሮግራም እንደተገዛ አድርጎ የሚከፍት ሕገ ወጥ መክፈቻ። በክራክ የተከፈተ ዊንዶውስ «አፕዴት ካደረገ አክቲቬሽኑ ይጠፋል» ተብሎ ይፈራል፤ ክራኩ ራሱ ሲጫን ደግሞ «መጀመሪያ አንቲቫይረስህን አጥፋ» ይላል። እኛም እናጠፋለን። ማን እንደሠራው የማናውቀውን ፕሮግራም የቤቱን ቁልፍ ሰጥተን እናስገባለን። ይህን ለዓመታት ሠርቼዋለሁ።

የተውኩበትን ቀን ልንገራችሁ። ሰኞ ጠዋት ከአንድ መሥሪያ ቤት ተደወለልኝ። ጸሐፊዋ ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ እኔ «እትዬ» የምላት ሴት ናት። ስደርስ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከስክሪኑ ፊት ተቀምጣለች። የዴስክቶፑ ፋይሎች ሁሉ ስማቸው እንዳለ ነው፤ ከስማቸው ኋላ ግን የማይነበብ ጭራ ተቀጥሎበታል፤ አንዱም አይከፈትም። በመካከላቸው በእንግሊዝኛ የተጻፈ የቤዛ ጥያቄ አለ። የዘጠኝ ዓመት ደብዳቤ፣ የሠራተኛ የደመወዝ ሠንጠረዥ፣ የጡረታ መረጃ። «ልጄ፣ ወረቀቱስ ፋይል ክፍል አለ፤ ስሌቱ ግን እዚህ ውስጥ ነበር» አለችኝ። መጠባበቂያ እንዳላት ጠየቅኋት። አላት፤ ሃርድ ዲስኩ ከኮምፒውተሩ ኋላ ዓመቱን ሙሉ እንደተሰካ ነው። እሱም ተቆልፏል። በመጨረሻ ያተረፍነው ከስልኳ ነው፤ ውጭ ለማሳተም ስትል በቴሌግራም ወደራሷ የላከቻቸው ፋይሎች ነበሩ፣ አርባ ያህል። እነሱን አንድ በአንድ አወረድን። ሌላውን ከወረቀት ላይ እንደገና ለመተየብ አራት ወር ፈጅቶባታል። ያን ኮምፒውተር ከሁለት ዓመት በፊት ፎርማት ያደረግሁት እኔ ነበርኩ፤ አፕዴቱን የዘጋሁትም እኔ። እትዬ እስከ ዛሬ ይህን አታውቅም ነበር። ይህ ደብዳቤ ሲደርሳት ታውቀዋለች፤ ይቅርታዋንም በዚሁ እጠይቃለሁ።

ስለዚህ ከእናንተ የምለምነው ገንዘብ የሚያስወጣ ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም። በሰኔ በጀት እንዳይመለስ ተብሎ በችኮላ የሚገዛ አዲስ ኮምፒውተርም አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ስሙ የሚታወቅ አንድ ሰው ተመድቦ፣ ያሉትን ማሽኖች በወር አንድ ጊዜ እንዲያይ ነው። የአይሲቲ ባለሙያ የሌለው ቤት ጸሐፊዋን ወይም አንድ ትጉህ መምህር ይመድብ። ማይክሮሶፍት የወሩን አፕዴት የሚያወጣው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ነው፤ በእኛ ሰዓት ማታ ላይ ይወድቃል። ረቡዕ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ደርሷል ማለት ነው። እኔ ለጥንቃቄ አንድ ማሽን ላይ ረቡዕ ጭኜ፣ ሰኞ ድረስ ችግር ካላየሁበት ሌሎቹ ላይ እጭናለሁ።

ኢንተርኔቱ ደካማ ነው፣ አንዳንዴም ወራት ተቋርጦ ይከርማል፤ አውቃለሁ፣ አብረን አይተነዋል። ግን አፕዴት የግድ በየማሽኑ ከኢንተርኔት መውረድ የለበትም። ማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ የሚባል ገጽ አለው፤ የፈለጋችሁትን አፕዴት እንደ ማንኛውም ፋይል አውርዳችሁ በሃርድ ዲስክ ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። የዊንዶውስ 10 አፕዴት ደግሞ ተደማሪ ነው፤ በአንድ ቨርዥን ውስጥ የቅርብ ወሩ የቀደሙትን ሁሉ በውስጡ ይይዛል። ሦስት ዓመት ያልተጫነበት ማሽን ሠላሳ ስድስት አፕዴት አያስፈልገውም፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ይበቃዋል። በጀልባ ይዤው የሄድኩት ያንን ነው። ኮምፒውተሮቹ በአንድ ኔትዎርክ ከተያያዙ ደግሞ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚባለውን ማስተካከያ ብትከፍቱት አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ ከእሱ ይቀዱታል፤ ሃያ ማሽን ያለው ክፍል ሃያ ጊዜ ለማውረድ ዳታ አይከፍልም። በስልክ ዳታ ለሚሠራ ሰው ግንኙነቱን ሚተርድ፣ ማለትም ዳታው በልክ የሆነ፣ አድርጎ መመዝገብ አለ፤ እሱን ስታበሩ አፕዴቱ በዘፈቀደ ዳታ መብላቱን ያቆማል፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሱ ግን ራሳችሁ ትጭኑታላችሁ። አፕዴቱን ከሥሩ ከመንቀል ይህ ይሻላል። መብራቱንም ቢሆን በላፕቶፕ ላይ ባትሪው ሞልቶ፣ በዴስክቶፕ ላይ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዘውን ባትሪ፣ ሰክቶ መጫን ነው። ዩፒኤስ ከሌለ አንዱን ገዝቶ ከማሽን ወደ ማሽን ማዞር ይቻላል።

ጥቅምት 4 ካለፈ በኋላ ስላለው ጉዳይ ግን በደንብ ልብ በሉ፤ ብዙዎች ያልሰሙት ነገር አለ። ዊንዶውስ 10 ጥገናው ጨርሶ አልቆመም፤ የተራዘመ የደኅንነት ጥገና ተብሎ ለተመዘገበ ሰው ይቀጥላል። የግል ላፕቶፕ ያለው መምህር ወይም ነርስ በማይክሮሶፍት አካውንቱ ገብቶ የኮምፒውተሩን ማስተካከያ ወደ አካውንቱ ባክአፕ ቢያደርግ ያለ ክፍያ ይመዘገባል፤ ያንን ካልፈለገ 30 ዶላር ነው። የሚያገለግለው እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ነው። ማሽኑ መጀመሪያ ወደ መጨረሻው ቨርዥን፣ ወደ 22ኤች2፣ መድረስ አለበት፤ ዊንቨር ላይ ያያችሁት ቁጥር ከዚያ ያነሰ ከሆነ ምዝገባው አይወጣላችሁም። ለመሥሪያ ቤት የተለየ ነው፦ በአንድ ኮምፒውተር ለመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር፣ ከዚያ በየዓመቱ እጥፍ፣ ቢበዛ ሦስት ዓመት። ውድ ነው፤ አልክደውም። ለትምህርት ተቋም ግን ዋጋው 1 ዶላር፣ ቀጥሎ 2፣ ቀጥሎ 4 ነው። ርእሰ መምህራን ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ሠላሳ ኮምፒውተር ያለው ክፍል ለመጀመሪያው ዓመት የሚያስወጣው 30 ዶላር ነው። የሚጠይቀው ዊንዶውሱ ሕጋዊ መሆኑን ነው፤ በክራክ የተከፈተ አይመዘገብም። በየመጋዘኑ ያሉ ብዙ ዴስክቶፖች ሲገዙ ሕጋዊ ዊንዶውስ ይዘው የመጡ ናቸው፤ እኛ ነን ፎርማት አድርገን በክራክ የተካነው። ዊንዶውስ 10 ይዞ የመጣ ማሽን ቁልፉ ብዙ ጊዜ ማዘር ቦርዱ ላይ ተቀምጦ አለ፤ ትክክለኛውን ዕትም ስትጭኑበት ራሱ አግኝቶ ይከፈታል። ንብረት ክፍሎች ከማስወገዳችሁ በፊት ይህን አስፈትሹ።

«ለምን ወደ ዊንዶውስ 11 አታሳልፊልንም?» የሚሉኝም አሉ። ማሽኑ ከፈቀደ በነጻ ይሄዳል። ችግሩ ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ በጥቅሉ ከ8ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያለውን ነው የሚቀበለው። ስላሽ (ያገለገለ) ኮምፒውተር የምትገዙ ሁሉ ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ይሁን። 6ኛ እና 7ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ አሁን የረከሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በማታለያ ዘዴ 11ን በግድ የሚጭኑ ባለሙያዎች አሉ፤ ለመሥሪያ ቤት አልመክረውም፤ ማይክሮሶፍት እንዲህ ላለ ማሽን አፕዴት ለመስጠት ዋስትና አይሰጥም፤ ተመልሰን እዚያው ነን።

ለመተየብና ኢንተርኔት ለመክፈት ብቻ የምትጠቀሙበት ማሽን ካለ፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንትን ሞክሩት። ነጻ ነው፣ ክራክ አይፈልግም፣ 4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ማሽን ላይ በደንብ ይሄዳል፤ ሚንት 22 የተባለው እስከ ፈረንጆቹ 2029 ጥገና አለው። በእርግጥ እሱም ቢሆን አፕዴቱን ካልጫኑለት ያው ነው። አማርኛውስ ትሉኛላችሁ። ኪቦርዱም ፊደሉም አለው። የሚያስቸግረው የድሮው ጽሑፋችን ነው፤ ይህንን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ግዕዝ በዓለም አቀፉ የፊደል ሥርዓት በዩኒኮድ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ፊደልና ኪቦርድ ይዞ መምጣት የጀመረው ደግሞ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት የተተየበው ሁሉ በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ የተቀመጠ ነው፤ ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። ስንት ቢሮ ውስጥ ኤክስፒ ወይም 7 እስከ ዛሬ የቆየው ለዚህ ብቻ ነው፤ ጸሐፊዋ የድሮ ደብዳቤዎቿን እንዳታጣ። ፍርሃቷ ትክክል ነው። የሚሻለው ግን ጽሑፎቹን አንድ ጊዜ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ ማሽኑንም ከኔትዎርክ አውጥቶ ለማንበቢያ ብቻ ማስቀመጥ ነው። ፒችትሪ 2010 ላይ ሒሳባቸውን የሚሠሩትም እንዲሁ፤ ፕሮግራሙ ይቆይ፣ ማሽኑ ግን ኢሜይል አይክፈት።

በጤና ተቋማት ያለው ከዚህ ይከብዳል። የላቦራቶሪ ወይም የምርመራ መሣሪያ ከኤክስፒ ወይም ከ7 ጋር ተጣብቆ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ እሱን መንካት መሣሪያውን ማቆም ነው። አትንኩት። የኔትዎርክ ገመዱን ንቀሉለት፣ ለእሱ ብቻ የሚሆን አንድ ፍላሽ መድቡለት፣ ፍላሹም ሌላ ቦታ ከተሰካ በኋላ ሳይፈተሽ አይመለስበት። ኔትዎርክ የግድ ካስፈለገው ከሌላው ቢሮ ተለይቶ ይቁም። በተለይ ኤስኤምቢ1 የሚባለው የድሮ ፋይል መጋሪያ መንገድ ይዘጋ፤ ዋናክራይ የሄደበት መንገድ እሱ ነው። አዲሶቹ ዊንዶውሶች ሲጫኑ ዘግተውት ይመጣሉ፤ አሮጌ ኮፒየር ስካን ያደረገውን ወደ ፎልደር እንዲልክ ተብሎ በእኛው እጅ ሲከፈት ግን አይቻለሁ፣ ከፍቼም አውቃለሁ። ስካኑን በፍላሽ መውሰድ ይቻላል።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰው መረጃ የያዘ ተቋም መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። በየቢሮው የፋይዳ ቁጥር፣ የሕክምና ካርድ፣ የተማሪ ውጤት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል፤ የዚህ ሁሉ ባለቤት በሩ ላይ ተሰልፎ የቆመው ሰው ነው። እሱ ዊንቨር ከፍቶ ማየት አይችልም። ማየት የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

የሙያ አጋሮቼ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ደንበኛው አፕዴቱን ዝጋልኝ ቢል እንኳ አትዝጉለት፤ አስረዱት። ፎርማት ስታደርጉ የወሩን አፕዴት ከፍላሻችሁ ላይ ጭናችሁ አስረክቡ፤ 20 ደቂቃ ይጨምርባችኋል፣ በአሮጌ ማሽን ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። በማሽኑ ጎን ላይ የጫናችሁበትን ቀንና ከነጥቡ በኋላ ያለውን ቁጥር በትንሽ ወረቀት ለጥፉበት። ቀጥሎ የሚያየው ባለሙያ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

እኔ በበኩሌ የዊንዶውስ 10ን የተራዘመ ጥገና መጫኛዎች፣ የዊንዶውስ 7ን እስከ 2015 ዓ.ም. የወጡትንና የሊኑክስ ሚንትን ፋይል በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ አዘጋጅቻለሁ። ወር በወር አድሰዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቄን ለዚህ ብቻ እከፍታለሁ፤ መሥሪያ ቤትም ይሁን ትምህርት ቤት ባዶ ዲስክ ይዞ ከመጣ ያለ ክፍያ እቀዳለታለሁ። በጀልባ የሚመጣ ካለ ዲስኩን የሚጠቀልልበት ፌስታል ከእኔ ያገኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
ባሕር ዳር